ምዕራፍ 7፦ ያገለገለ ኩሽኔታ ሁለተኛ ሥራ

ኩሽኔታ፣ በሌላ ስሙ ቤሪንግ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት የብረት ቀለበትና በመካከላቸው የሚንከባለሉ የብረት ኳሶች ያሉት ዕቃ ነው። የውስጠኛው ቀለበት ዘንጉን ይጨብጣል። የውጭኛው ጎማው ወይም የማሽኑ አካል ውስጥ ይቀረቀራል። ኳሶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ደግሞ ከስስ ላሜራ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ማቀፊያ ያራርቃቸዋል። በካፋዋ ከተማ በቦንጋ ይህ ዕቃ ከማንም ቤት ሩቅ አይደለም፤ የባጃጁና የሞተር ሳይክሉ ጎማ፣ የእህል ወፍጮው ዘንግ፣ የቡና መፈልፈያው፣ የእንጨት ሥራ ቤቱ መጋዝ የሚዞሩት በእሱ ነው። ልጆች ከሳንቃ ቁራጭ የሚሠሩት ጋሪም ጎማው ራሱ ከጋራዥ የተለቀመ ኩሽኔታ ነው።

ከዘመዶቿ ሁሉ ትንሽ ከሚባሉት አንዷ የስኬት ጎማ ውስጥ ያለችው ናት። አንድ የስኬት ሰሌዳ 4 ጎማ አለው፤ እያንዳንዱ ጎማ 2 ስለሚይዝ በጠቅላላው 8 ኩሽኔታ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የስኬት ሜዳ ከተከፈተ ወዲህ ተጫዋቹ ለፍጥነት ሲል የሚቀይራት ኩሽኔታ ቤት ውስጥ እየተጠራቀመች ትቀራለች። ቦንጋ ላይ ስኬት ብዙም ባይታይም፣ ይህችው ኩሽኔታ በትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮችና ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆች በጣታቸው ያሽከረክሩት በነበረው መጫወቻ ውስጥ ትገኛለች። ትልልቆቹ ደግሞ ጋራዥ ደጃፍ፣ ግራሶ የጠጣ ካርቶን ውስጥ ተጥለው ቁራሌው በኪሎ እስኪወስዳቸው ይጠብቃሉ።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ አንድ ነው። ለፈጣን ሥራ አልሆንም ያለ ኩሽኔታ ለዝግተኛ ሥራ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ኩሽኔታ ምን እንደሚሠራና በምን እንደሚያረጅ ማየት ይበቃል።

ከመጎተት ወደ ማንከባለል

በምዕራፍ 2 እንደታየው ሁለት ገጾች ሲፋተጉ የሚፈጠረው ተቃውሞ፣ ማለትም ሰበቃ፣ ከላይ በተጫነው ክብደት ልክ ያድጋል። እንጨት በእንጨት ላይ ሲጎተት ሰበቃው የክብደቱን ሲሶ ያህል ሊደርስ ይችላል፤ 100 ኪሎ ለመጎተት የ30 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል ማለት ነው። ከባድ ግንድ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ይህን ጉልበት የሚያመልጡበት ዘዴ የታወቀ ነው፤ ድቡልቡል አጣና ከሥሩ ይደረድራሉ። ግንዱ ከዚያ በኋላ መሬቱን አይፍቅም፤ አጣናው ይዞት ይንከባለላል።

ዘዴው አንድ ችግር አለው። ግንዱ ወደፊት በሄደ ቁጥር አጣናው ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንድ ሰው የቀረውን እያነሳ ወደ ፊት ማመላለስ አለበት። አጣናዎቹ የተደረደሩበት መንገድ ተጠምዝዞ ክብ ቢሆን ግን ከኋላ የቀረው አጣና ዞሮ ራሱ ከፊት ይመጣል፤ የሚያመላልስ ሰው አያስፈልግም። ኩሽኔታ ይኸው ነው፦ የውስጠኛው ቀለበት ግንዱ፣ የውጭኛው ቀለበት መሬቱ፣ ኳሶቹ አጣናው። በደህና ሁኔታ ላይ ያለ የኳስ ኩሽኔታ ሰበቃው የክብደቱ አንድ ሺህኛ ተኩል ገደማ ነው። ለ100 ኪሎ 150 ግራም እንደ ማለት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው በ1794 እ.ኤ.አ. ለሠረገላ ዘንግ የኳስ ኩሽኔታ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ፈረንሳዊው ዡል ሱሪሬ በ1869 ለብስክሌት የሚሆነውን አስመዘገበ። ዕቃው በርካሽ መመረት የቻለው ግን ፍሪድሪሽ ፊሸር በ1883 ሽቫይንፉርት በተባለችው የጀርመን ከተማ ኳሶቹን እኩል አድርጎ የሚሞርድ ማሽን ከሠራ በኋላ ነበር። እኩልነቱ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ከአጣናዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ከወፈረ ግንዱ በሙሉ በእሱ ላይ ያርፋል፤ ከሰባት ኳሶች አንዷ በፀጉር ስንጣቂ ከበለጠች እሷ ሸክሙን ብቻዋን ተሸክማ ቀድማ ትፈነካከታለች።

ቀለበቱ ላይ የታተመው ቁጥር

በኩሽኔታው ጠርዝ ላይ የታተመው ቁጥር ለሚያነበው ሰው መለኪያ ነው። የስኬቷ ኩሽኔታ 608 ትባላለች፦ ቀዳዳዋ 8 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቷ 22፣ ውፍረቷ 7። ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ሲሆን የመጨረሻው አኃዝ ቀዳዳውን በሚሊ ሜትር ይናገራል። ባለ አራት አኃዝ ሲሆን የመጨረሻዎቹ ሁለት ናቸው የሚታዩት፦ 00 ማለት 10 ሚሊ ሜትር፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ነው። ከ04 ጀምሮ በ5 ይባዛል። ስለዚህ 6203 ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6204 ደግሞ ቀዳዳው 20፣ ስፋቱ 47። የመጀመሪያው 6 ተራውን የኳስ ዓይነት ያመለክታል፤ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ከ0 እስከ 4 ሲጨምር ቀለበቱ እየደነደነ ይሄዳል።

ከቁጥሩ በኋላ የሚመጡት ፊደላት ለቤት ሥራ ከቁጥሩ ያልተናነሰ ዋጋ አላቸው። «ዜድ ዜድ» የተጻፈበት በሁለቱም ጎኑ የላሜራ ሽፋን አለው፤ አቧራ ይከላከላል፣ ውሃ ግን አያግድም። «ቱ አር ኤስ» የተጻፈበት የጎማ ሽፋን ስላለው ውሃን በእጅጉ ይቋቋማል። ዓመቱን በአብዛኛው ዝናብ በማያጣው በካፋ ምድር ደጅ ለሚውል ዕቃ ምርጫው ሁለተኛው ነው። የስኬት ኩሽኔታ ሻጮች የሚኩራሩበት «ኤቤክ» የሚባል ደረጃም አለ፤ ከ1 እስከ 9 በጎዶሎ ቁጥር ይሄዳል፣ የአሠራሩን ጥንቃቄ ይለካል። ለግቢ በር ኤቤክ 9 መፈለግ ገንዘብ መጣል ነው።

ዕድሜ የሚቆጠረው በዙር ነው

ኩሽኔታ በዓመት አያረጅም። ኳሷ በቀለበቱ ቦይ ላይ ባለፈች ቁጥር ብረቱን በጥቂቱ ትጫነዋለች፤ ይህ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ከገጹ በታች ስንጥቅ ይፈጠራል፣ ቆይቶም ቅራፊ ይነሳል። አምራቾች ዕድሜን የሚያሰሉት በሚሊዮን ዙር የሆነውም ለዚህ ነው። በስሌቱ ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው ሸክም ነው፦ ሸክሙ በግማሽ ሲቀንስ ዕድሜው 8 እጥፍ ይሆናል፤ ሲሶ ሲሆን 27 እጥፍ።

ይህን በቦንጋ መንገድ ላይ ማስላት ይቻላል። ከቦንጋ ጅማ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሞተር ሳይክል ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.9 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጅማ ደርሶ ለመመለስ ወደ 116 ሺህ ጊዜ ይዞራል። አሁን ያው ኩሽኔታ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መንኮራኩር ለብሶ 3 ሜትር በሚንሸራተት የግቢ በር ሥር ገባ እንበል። በሩ አንዴ ተከፍቶ ሲዘጋ መንኮራኩሩ 32 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቀን አሥር ጊዜ ቢከፈትና ቢዘጋ በዓመት ወደ 117 ሺህ ዙር ይሆናል። ሞተር ሳይክሉ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን በሩ የሚጨርሰው በዓመት ነው፤ ያውም ያለ ኮረኮንች ንረትና ያለ ሙቀት።

የስኬት ጎማ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ገና በአንድ ኪሎ ሜትር ከ6 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። ተጫዋቹ «ደከመች» ብሎ የሚያወጣት 608 የደከመችው ለዚህ ዓይነቱ ሩጫ ነው። መሳቢያና የቁም ሳጥን በር በዕድሜ ልካቸው ያን ያህል አያዞሯትም።

የሚጣለውና የሚቆየው

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። የውስጠኛው ቀለበት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዝና የውጭኛው በሌላው እጅ በጣም በቀስታ ይዞራል። ጣት ላይ የሚሰማው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ቁርጭጭ የሚለው ቦታውን እየቀያየረ ከመጣ ቆሻሻ ነው፤ በጋዝ ሲታጠብ ይሄዳል። በየዙሩ እዚያው ቦታ ሲደርስ የሚገታ ከሆነ ግን ቦዩ ተቦርቡሯል፣ ማጠብ አይመልሰውም። ቀጥሎ የውጭኛው ቀለበት ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀነቃል፤ ቋ ቋ ካለ ላሽቋል። የላሸቀ ኩሽኔታ ለወፍጮ ዘንግ አይሆንም፤ ለጉድጓድ ፑሌጃ ግን ምንም አይለውም።

ቀለሙም ይናገራል። ቀለበቱ ወይም ኳሶቹ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደሉ በሙቀት ተመትተዋል፤ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል። ዝገት ላይ ላዩን ከሆነ ይታገሱታል፤ ኳሱ የሚሄድበትን ቦይ ከበላው ግን ዕቃው አበቃለት። ኩሽኔታ የሚሠራበት ብረት 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ነው። ብረት ዝገትን ለመቋቋም ከ10 በመቶ በላይ ክሮሚየም ስለሚፈልግ፣ ይህ እንደ መስታወት ሲያብለጨልጭ ቢታይም እርጥበት ካገኘው በሌሊት ይዝጋል። የተመረጠው ኩሽኔታ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ማጠብና ግራሶ መሙላት

ሽፋኑ በቀጭን መርፌ ጠርዝ ጠርዙን ተፈልቅቆ ይነሳል። ኩሽኔታው ነጭ ጋዝ ወይም ናፍታ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይነከርና ፈሳሹ እስኪጠራ እየተዞረ ይታጠባል። ቤንዚን ፈጥኖ ስለሚነድ ለዚህ ሥራ፣ በተለይ ምድጃ ባለበት ቤት፣ አይሆንም። ለማድረቅ በጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር እየነፉ ማሽከርከር ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚታይ ልማድ ነው። ድምፁ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያለ ቅባት በዚያ ፍጥነት የዞረ ኩሽኔታ ሊበታተንና ኳሱ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ቀለበቶቹ በእጅ ተይዘው ሳይዞሩ ብቻ ይነፋ።

ለሚሮጥ ኩሽኔታ ግራሶ ክፍተቱን ሲሶ ያህል ቢሞላ ይበቃዋል፤ ከዚያ ከበዛ ኳሶቹ ግራሶውን ሲያቦኩት ይሞቃል። በዝግታ ለሚዞር የቤት ዕቃ ይህ ሕግ ይገለበጣል። ሙቀት ስለማይኖር ግጥም አድርጎ መሙላት ይሻላል፤ ግራሶው ራሱ ዝናቡን የሚያግድ ግድግዳ ይሆናል። የምግብ ዘይት ግን አይሆንም፤ በጥቂት ሳምንታት እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ሲገጠም

608 በቀዳዳዋ የምትወስደው 13 ቁልፍ የሚፈታውን ብሎን ነው፤ ይህ ብሎን በየሱቁ ስለሚገኝ ትንሿ ኩሽኔታ ለቤት ሥራ እንድትመች አድርጓታል። እንጨት ላይ 22 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ቀዳዳው ቅርጹን ስለሚቀይር ኩሽኔታው ይፈታል ወይም ይጣመማል፤ የደረቀ እንጨት መምረጥና ጠርዙን በሙጫ ማሰር ይረዳል።

ትልቁ ጥፋት የሚፈጠረው በመዶሻ ነው። ኩሽኔታ ወደ ቀዳዳ ሲገባ መገፋት ያለበት የውጭኛው ቀለበት ነው፤ ዘንግ ላይ ሲገባ ደግሞ የውስጠኛው። በተሳሳተው ቀለበት ላይ የሚያርፍ ምት በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ እያንዳንዷ ኳስ ቦዩ ላይ ጉድጓድ ትተዋለች። ልኩን ያገኘ የቱቦ ቁራጭ ተደግፎ ቀስ ብሎ ቢመታ፣ ወይም በረጅም ብሎንና በዳዶ እየተጠበቀ ቢሳብ ችግሩ የለም።

ሮንዴላም ያታልላል። ሰፊ ሮንዴላ ሲጠብቅ ሽፋኑን ወይም የውጭኛውን ቀለበት ይነካና ፍሬን ይሆናል፤ የሚፈለገው የውስጠኛውን ቀለበት ብቻ የሚጫን ጠባብ ነው። ሁለት ኩሽኔታ ጎን ለጎን ሲገጠምም በመካከላቸው ትንሽ ቱቦ ይገባል፤ አለበለዚያ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር የውስጠኞቹ ቀለበቶች ተጠባብቀው መዞር ያቅታቸዋል።

ብየዳ ቤት የሚገባ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውል። የኩሽኔታ ብረት ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ሲበየድ ይሰነጠቃል፤ የሚበየደው መያዣው ቱቦ ነው፣ ኩሽኔታው ከቀዘቀዘ በኋላ ይገባል። የተገጠመ በር እንደገና የሚበየድ ከሆነ የኤሌክትሪኩ መመለሻ ገመድ እዚያው በሚበየደው ብረት ላይ ይታሰር። በኩሽኔታው በኩል አቋርጦ የሚመለስ ኤሌክትሪክ ኳሶቹን እየለበለበ ያልፋል።

የግቢ በርና የጉድጓድ ፑሌጃ

ከሁሉ ቀላሉ ሥራ የወረደ የላሜራ በር ነው። ከማጠፊያው ርቆ ያለው የበሩ ጫፍ በክብደቱ ሲዘም መሬት ይፍቃል። ጫፉ ሥር ከ6202 ወይም ከ6203 የተሠራ መንኮራኩር ቢገጠም ሸክሙ ከማጠፊያው ላይ ይነሳል። ኩሽኔታውን ራሱን ራቁቱን እንደ ጎማ መጠቀምም ይቻላል፤ ሲሚንቶውን ግን ይቦረቡራል፣ ጩኸቱም ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ከላዩ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ማልበስ ሁለቱንም ያስታግሳል።

ለጉድጓድ ውሃ ፑሌጃ ሁለት ኩሽኔታ ጎን ለጎን ይበቃሉ። ሸክሙ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ማለትም 20 ኪሎ ገደማ፣ እና ያንኑ ያህል የሚሆነው የሳቢው ጉልበት ነው፤ 608 እንኳ ሳትዞር ከ100 ኪሎ በላይ ትችላለች። እዚህ ጠላቱ ሸክም ሳይሆን ውሃ ነው። የጎማ ሽፋን ያለው ተመርጦ ግራሶ ሞልቶ ቢገባ ዓመታት ያገለግላል። መሳቢያ፣ የመጋረጃ ገመድ፣ የክር ማጠንጠኛ፣ የሚሽከረከር የማዕድ ሳህን ለትንሿ ኩሽኔታ የጨዋታ ያህል ናቸው።

ቀፎ፣ ማርና ቡና

ካፋ የማር አገር ነው። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው ጫካ ውስጥ የባህላዊው ቀፎ ቦታ ረጅም ዛፍ ላይ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣውም በገመድ ነው። ገመዱ በቅርንጫፍ ላይ ዞሮ ሲሳብ ቅርፊቱ ይይዘዋል። ሰበቃው ሲሶ ያህል ከሆነና ገመዱ ቅርንጫፉን ግማሽ ዙር ካቀፈ፣ 20 ኪሎ ቀፎ ለማንሳት ከታች የሚጎትተው ሰው ከ50 ኪሎ በላይ ጉልበት ያወጣል። ቅርንጫፉ ላይ በሁለት ያገለገሉ ኩሽኔታዎች የሚዞር ፑሌጃ ቢንጠለጠል ጉልበቱ ከቀፎው ክብደት ብዙም አይበልጥም። ቅርፊቱም አይላጥም፣ ገመዱም አይበላም። በአንጻሩ ቅርንጫፉ ይይዝ የነበረው ሰበቃ ስለሚጠፋ ገመዱ ከእጅ ካመለጠ ቀፎው በሙሉ ኃይሉ ይወርዳል፤ ጫፉ ቀድሞ ከግንዱ ጋር ይታሰር።

በዘመናዊ ቀፎ የሚያረቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት የማር ማጣሪያ፣ የማር እንጀራውን በርሜል ውስጥ እያሽከረከረ ማሩን ወደ ግድግዳው የሚወረውረው፣ ከላይና ከታች ኩሽኔታ ይፈልጋል። ሲሠራ ጥያቄው ጥንካሬ ሳይሆን ንጽሕና ነው። የታችኛው ኩሽኔታ ማሩ ከሚጠራቀምበት ከፍታ በላይ ወይም ከበርሜሉ ውጭ መሆን አለበት፤ ግራሶ ማር ውስጥ ከገባ ማሩ ተበላሸ።

የቡና መቁያ በርሜል ሌላ ፈተና ያመጣል። ቡና ሲቆላ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ይበልጣል፤ ተራ ግራሶና የጎማ ሽፋን ግን 100 ዲግሪን አልፈው ብዙ አይዘልቁም። መፍትሔው ዘንጉን አስረዝሞ ኩሽኔታውን ከእሳቱ ማራቅ ነው። ያ ካልተቻለ የላሜራ ሽፋን ያለው ይመረጥና ግራሶው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ በደረቁ ይሠራል። በእጅ እየዞረ በደቂቃ ጥቂት አሥርት ዙር ለሚሄድ በርሜል ደረቅ ኩሽኔታ ቢጮህም መሥራቱ አይቀርም።

የማይገባበት ቦታ

ከተሽከርካሪ የወጣ ኩሽኔታ ወደ ተሽከርካሪ አይመለስም። ባጃጅም ሆነ ሞተር ሳይክል በመንገድ ላይ ጎማው ቢላሽቅ ሰው ይጎዳል፤ የአዲስ ኩሽኔታ ዋጋ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሰው የሚንጠለጠልበት ገመድ፣ የሕፃን አልጋ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞር መጋዝ ወይም መሞረጃም ከዚሁ ይመደባሉ። የልጆቹ የሳንቃ ጋሪ ደግሞ ኩሽኔታው እንከን የለውም፤ የሚጎድለው ፍሬን ነው። እንደ ቦንጋ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ከኋላ መሬት የሚጭን የእንጨት ፍሬን ሳይገጠምለት ወደ አስፋልት መውጣት የለበትም።

በምርመራው የወደቀውም ቢሆን ኳሶቹ ይተርፋሉ። የቱቦ ማጠፊያ ባለው የብረት በር ላይ፣ ከታችኛው ቱቦ ውስጥ ልኩን ያገኘች አንዲት ኳስ ብትገባ በሩ በቱቦው ጠርዝ መቀመጡ ቀርቶ በኳሷ ላይ ይዞራል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትርም ከፍ ይላል። ኳሷን ለማውጣት ሽፋኑና ማቀፊያው ተቆርጠው ኳሶቹ ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰቡ የውስጠኛው ቀለበት ይላቀቃል። ቀለበቱን በመዶሻ መስበር ፈጣን ቢመስልም ጠንካራው ብረት እንደ ጠርሙስ ተፈንጣሪ ነው፤ በወፍራም ጨርቅ ካልተጠቀለለና ዓይን ካልተሸፈነ መሞከር የለበትም። የቀረው ቀለበት ለቁራሌው ይተዋል።